በአማርኛ ያነበብኩት ገጽ

የጡረታ ፎርሙ ላይ «ሙያ» ከሚለው ቃል አጠገብ አንዲት አጭር መስመር አለች። ዙሪክ በሚገኘው ቢሯችን እስክሪብቶዬን ይዤ ፊቷ ብዙ ቆየሁ። አስተማሪ ልበል? አዲስ አበባ አሥራ ስምንት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። የጽዳት ሠራተኛ ልበል? እሱንም ጄኔቭ ውስጥ በደንብ ሠርቼዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ባለፉት አሥራ ሰባት ዓመታት እንጀራ የበላሁት ሰው በመጠየቅ ነው። ሰዎች ቤት እሄዳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ስለ ኑሯቸው እጠይቃለሁ፣ የነገሩኝን እጽፋለሁ። ለዚህ ያበቃኝ በአርባዎቹ ዕድሜዬ የተማርኩት አንድ ትምህርት ነው፤ ስሙን ለወገኖቼ ማስረዳት እንዳቃተኝ የኖርኩት። በዚሁ ትምህርት አንዲት ሴት በድያለሁ። ጡረታ ስወጣ ዝም ብዬ ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አልሆነልኝም፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ወደ ጄኔቭ የመጣሁት ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው። ታዛቢ ሆኜ የዋልኩበት ጣቢያ ውጤት ሲያከራክር ስሜ ከሚገባው በላይ መነሳት ጀመረ፤ ትምህርት ቤቱም አላስቀምጥ አለኝ። ጥገኝነት ጠየቅሁ፣ ጠበቅሁ፣ ፔርሚ ቤ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ አገኘሁ። «ለ ሊኞን» የሚሉት ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተሰጠኝ። እዚያ አንዱ ሕንፃ ብቻውን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ካርታ ሳስተምር የኖርኩ ሴትዮ የገዛ በሬን ፍለጋ ቁልፍ ይዤ ስንከራተት ልጆች ይስቁብኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲው ከረጅም የወረቀት ምልልስ በኋላ ተቀበለኝ። የገባሁበት ትምህርት ሶሲዮሎጂን፣ ሕግን፣ ኢኮኖሚን፣ ጂኦግራፊንና ሥነ ልቦናን ባንድ ላይ የሚያስተምር ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ የስዊሶቹን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተከራይታ በምትሰበሰበው ትንሿ ጉባኤያችን ይህን ስናገር ሽማግሌያችን ጋሽ ታደሰ ግራ ተጋቡ።

«ታዲያ ስትጨርሺ ምን ትባያለሽ? ጠበቃ?»

«አይደለም ጋሼ።»

«የባንክ ሰው?»

«እሱም አይደለም።»

«እንግዲህ የበርበሬ ቅመም ነው በይኛ! ሁሉን ደባልቀው፣ ወቅጠው፣ አንዱንም ለይተሽ እንዳታወጪው።» አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ግን በየፈተናዬ ሰሞን የሚጸልዩልኝ እሳቸው ነበሩ።

የመጀመሪያው የቤት ሥራችን ካሩዥ በሚባለው ሰፈር አንድ የትራም ፌርማታ ላይ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ያዩትን መጻፍ ነበር። እኔ ያየሁትን ቦታ በሚዛን የተሠራ ካርታ አድርጌ አቀረብኩ፤ አቅጣጫ፣ መስመር፣ ሱቆች፣ ዛፎች። መምህርታችን ማዳም ሮሼ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት።

«ቆንጆ ነው» አሉ። «ሰዎቹ የት ሄዱ?»

ተመልሼ ሄጄ ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ቀን የትኬት ተቆጣጣሪዎች ባሉበት ትራም የማትሳፈር አንዲት ሴት አየሁ። ሁለት ትራም አሳልፋ ሦስተኛው ላይ ወጣች። ይህን ጽፌ ስወስድ ማዳም ሮሼ ለክፍሉ አነበቡትና ጠየቁ። የቅጣቱን ሕግ ማን ያውቃል? ትኬቱ ከደመወዟ ስንት እጅ ይወስዳል? ቤቷና ሥራዋ ምን ያህል ይራራቃሉ? ስትጠብቅ ምን ትፈራለች? ሌላው ተሳፋሪስ እንዴት ያያታል? ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ትምህርት አለ፤ ሴትየዋ ግን አንድ ናት፣ እሷን አትበጣጥሷት አሉን። ለምን አምስቱን ባንድ ላይ እንደምማር ያን ቀን ገባኝ።

ማዳም ሮሼ ቀጭን፣ ሽበታም፣ ቶሎ የማይስቁ ሴት ነበሩ። የሥራ ልማዳቸውን እንደ አባት ቤት ሥርዓት ተቀብዬዋለሁ። የድምፅ መቅጃውን ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጡም፤ ጉልበታቸው ላይ ይይዙታል። «የሚያስፈራውን ዕቃ ጠያቂው ይሸከመው» ይላሉ። ሰው ተናግሮ ሲጨርስ ቀጣዩን ጥያቄ አያቀርቡም፤ በልባቸው አሥር ይቆጥራሉ። ከቃለ መጠይቅ ሲወጡ አንድ ፌርማታ በእግራቸው ይሄዳሉ፣ ከዚያ ቆመው በማስታወሻቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያልተነገራቸውን ነገር ይጽፋሉ። ከሁሉም የሚከብደው ግን ቢሯቸው ውስጥ ባሉት ሁለት ወንበሮች የሚያደርጉት ነበር። ተማሪ ረቂቅ ሲያመጣ በተጠያቂው ወንበር ያስቀምጡታል፤ ከዚያ ፊት ለፊቱ ሆነው የጻፈውን ስለ እሱ እንደተጻፈ አድርገው ጮክ ብለው ያነቡለታል። ብዙ ጎበዝ ተማሪ ከዚያ ወንበር ላይ ላብ በላብ ሆኖ ሲነሳ አይቻለሁ።

የመመረቂያ ጥናቴ ጄኔቭ የሚሠሩ እናቶችና እህቶች ቤተሰባቸውን በስልክ እንዴት እንደሚያስተዳድሩ ነበር። ከጉባኤያችን አሥራ ሁለት ሴቶች ፈቀዱልኝ። ከእነሱ አንዷ አስካለ ናት። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች። ስትናገር ትንሽ ትፈጥናለች፣ ደግሞም ንግግሯን ሁሉ «ልብ አድርጊልኝ» ብላ ነው የምትጀምረው፤ መዘምራኑ ሲያሾፉባት «እኅት ልብ አድርጊልኝ» ይሏታል። ከሰው ሁሉ ጋር ሳቂታ ናት። በየቅዳሜው አዲስ አበባ ላለች የአሥራ ሁለት ዓመት ታናሽ እህቷ ለምሕረት ትደውላለች፤ ስለ ፈተናዋ፣ ስለ ጫማዋ፣ ስለ ጥርሷ ሳይቀር ለእኛ ታወራልናለች።

ካሩዥ ያለችው ክፍሏ ሄጄ የስምምነት ወረቀቱን ሳቀርብላት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እትዬ ሶስና፣ ቤተ ክርስቲያን አይደርስም አይደል?»

«በፈረንሳይኛ እኮ ነው የሚጻፈው፣ ስምሽም ይቀየራል። ማን ያነበዋል ብለሽ ነው?» አልኳት። ፈረመች።

ስለ ስልኩ ጠየቅኋት፣ ስለሚላከው ገንዘብ ጠየቅኋት፣ ሁሉንም እየሳቀች መለሰች። በመጨረሻ «ለምሕረት መንገር የምትፈልጊው፣ ግን በስልክ የማይሆንልሽ ነገር አለ?» አልኳት። «የለም» አለች። መቅጃው ጉልበቴ ላይ ነበር። እንደተማርኩት ዝም ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። ሰባት ላይ ስደርስ ፈገግታዋ ጠፋ።

«ልብ አድርጊልኝ እትዬ» አለች። «እህቴ የምላት ልጅ እህቴ አይደለችም። አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ የወለድኳት ልጄ ናት። እናቴ ከእጄ ተቀብላ በአባቴ ስም አስመዘገበቻት፤ ይኸው አንድ የአባት ስም ይዘን እህትማማች ሆነን ቀረን። እሷ አታውቅም። እዚህ ቀኑን ሙሉ የሰው አንሶላ አጥፋለሁ። አንሶላ ሲታጠፍ የተቀደደው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከላይ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። በስልክ ‹እህትሽ ነኝ› ባልኳት ቁጥር ልጄን አንድ ጊዜ አጥፋታለሁ። አሥራ ስምንት ሲሞላት እኔው ራሴ ሄጄ ዓይኗን እያየሁ እነግራታለሁ። እስከዚያ እግዚአብሔር ይርዳኝ።»

ስወጣ አንድ ፌርማታ በእግሬ ሄድኩ። አለቀስኩም። ደግሞ፣ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝም ነበር፤ እንዲህ ያለ ቃል ለጥናቴ በማግኘቴ።

ረቂቁን ስጨርስ ማዳም ሮሼ በተጠያቂው ወንበር አስቀምጠው የአስካለን ገጽ በፈረንሳይኛ አነበቡልኝ። ስሟን ቀይሬያለሁ፣ ዕድሜዋን ቀይሬያለሁ፣ ሥራዋን ሆቴል አድርጌዋለሁ። ሲጨርሱ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«በፈረንሳይኛ ይህች ሴት ማንም ልትሆን ትችላለች» አሉ። «በእናንተ ቋንቋስ?»

«በእኛ ቋንቋ ማንም አያነበውም» አልኳቸው። አዩኝና ወረቀቱን መለሱልኝ።

ጥሩ ውጤት አገኘሁ። ጉባኤያችን ደግሞ ለሚመረቅ ሰው የምስጋና ፕሮግራም የማዘጋጀት ልማድ አላት። ኬክ ይመጣል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ ተመራቂው መድረክ ላይ ወጥቶ እግዚአብሔር ያደረገለትን ይመሰክራል። ጋሽ ታደሰ ከሳምንት በፊት ደወሉልኝ።

«ስለ እኛ አይደል ያጠናሽው? እንግዲህ የእኛኑ ለእኛ አሰሚና።»

እምቢ ማለት ይቻል ነበር። አጠቃላዩን በአምስት ደቂቃ ተናግሬ መውረድም ይቻል ነበር። እኔ ግን ለዓመታት «ምን ትባያለሽ?» እየተባልኩ ሲሳቅብኝ ኖሬያለሁ፤ የተማርኩት ምን እንደሆነ እንዲያዩልኝ ፈለግሁ። ፈረንሳይኛው ለእነሱ አይጥምም ብዬ ከመቅጃው የገለበጥኩትን የአማርኛ ጽሑፍ አወጣሁ። ስም አልጠራም፣ ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል ብዬ። አዳራሹ ውስጥ አስካለን ጨምሮ ስልሳ የሚያህል ሰው ነበር። የተለያዩ እህቶችን ቃል አንድ በአንድ አነበብኩ፤ ሰው ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። መጨረሻ ላይ የአስካለን ገጽ አነበብኩ። «ልብ አድርጊልኝ»ን አላወጣሁም። አንሶላውን አላወጣሁም፤ ስለሚያምር። እንዲያውም ሳላስበው እንደ እሷ ፈጠን እያልኩ አነበብኩት።

ስጨርስ ወንበሮች ሲንቀጫቀጩ ሰማሁ። ከዚያ ጭብጨባው መጣ፣ ሃሌ ሉያው መጣ። ሰዎቹ ልባቸው ተነክቶ ነው ብዬ አንገቴን ዝቅ አድርጌ ተቀበልኩ። ሻይ ላይ አንዲት እህት ጆሮዬ ስር መጥታ «የመጨረሻዋ ቁጭ አስካለን እኮ ናት» ስትለኝ ብርጭቆዬን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ዞር ብዬ ፈለግኋት። ወጥታለች።

በማግስቱ ካሩዥ ሄድኩ። በሩን ከፈተችው፤ ግን እንድገባ ዞር አላለችልኝም። ዓይኗ አብጧል።

«አይደርስም ብለሽኝ ነበር» አለች።

ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር በእጇ አስቆመችኝ።

«አሁን አንድ ነገር አድርጊልኝ። እስከ ቅዳሜ ዝም እንዲሉልኝ ለምኚልኝ። ቅዳሜ እደውላለሁ፣ እኔው ልንገራት። ከእኔ አፍ ትስማው። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

ጋሽ ታደሰ ዘንድ ሮጥኩ። እሳቸውም ሲደውሉ፣ ሲለምኑ፣ ሲገስጹ ዋሉ። ዘግይተናል። አዲስ አበባ ከአስካለ ሰፈር የመጣች አንዲት እህት ነበረች። ክፋት የላትም። ያን እሑድ ማታውኑ አዲስ አበባ ላሉ እናቷ ደውላ የጸሎት ርዕስ አድርጋ ሰጠቻቸው፤ «ለአስካለና ለልጇ ጸልዩላቸው» ብላ። እናትየው ለጸሎት ጓደኞቻቸው አካፈሉ። ረቡዕ ዕለት ምሕረት ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንዲት ሴትዮ መንገድ ላይ አቅፈው እያለቀሱ እግዚአብሔር ያጽናሽ አሏት። ልጅቷ የሰማችው እንደዚህ ነው።

ቅዳሜ አስካለ ደወለች። ምሕረት ስልኩን አላነሳችም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ፣ ከዚያም በኋላ አላነሳችም። በክረምቱ መጨረሻ አስካለ ጉባኤውን ትታ፣ ጄኔቭን ትታ፣ ዙሪክ አጠገብ ዲቤንዶርፍ ገባች።

ለማዳም ሮሼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ያጽናኑኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ያደረጉት ግን ባዶ ወረቀት ሰጥተውኝ ጥፋቱን በራሴ እጅ እንድጽፍና ጥናት ለሚቆጣጠረው ኮሚቴ እንዳቀርብ ማዘዝ ነው። አራት ገጽ ጻፍኩ። የቋንቋ ልዩነት፣ የአነስተኛ ማኅበረሰብ ባሕርይ፣ የስምምነት ወረቀቱ ጉድለት። አነበቡት።

«ሁሉም ትክክል ነው» አሉ። «አንቺ ግን የለሽበትም።» እንደ ካርታው። ያን ጊዜ ምን እንደጎደለው አልገባኝም፤ ወይም እንዲገባኝ አልፈለግሁም። ወረቀቱ ተቀባይነት አገኘ፤ የድምፅ ቅጂዎቹም በደንቡ መሠረት ጠፉ።

ሥራ ያገኘሁት ዙሪክ ነው። አለቃችን ሄር ኬለር ቁጥር የሚወዱ ሰው ነበሩ። ውሌ በየዓመቱ የሚታደስ፣ ደመወዙም የግማሽ ቀን ነበር፤ ቢሆንም የምወደው ሥራ ነው። አንድ ጊዜ ሌሬ ላይ ያሉ፣ ማለትም በየኩሽናውና በየጋራዡ ሙያ እየተማሩ የሚሠሩ ወጣት ስደተኞችን ስናጠና የእኛ ልጆች በሙሉ መጠይቁ ላይ «በጣም ረክቻለሁ» የሚለውን ሞሉ። ሄር ኬለር ደስ አላቸው። እኔ አልተዋጠልኝም። በተሰጠ እንጀራ ላይ ማማረር ለእኛ ሰው ነውር እንደሆነ አስረዳሁና አንድ ጥያቄ እንድጨምር ለመንኳቸው። ታናሽ ወንድምህ እዚሁ ቦታ ቢቀጠር ትመክረዋለህ? አብዛኞቹ አይሆንም አሉ። አንዱ የወጥ ቤት ተለማማጅ ክንዱ ላይ ያለውን ቃጠሎ አሳየኝ። ሄር ኬለር ፊታቸውን ቢያኮሳትሩም ከዚያ ወዲህ ያለዚያ ጥያቄ መጠይቅ አላሳተሙም።

አዳዲስ ጠያቂዎችንም አሠለጥን ነበር። ማንኛውም ቃል ከመታተሙ በፊት ተናጋሪው በተናገረበት ቋንቋ ለራሱ ለባለቤቱ ይነበብለታል፤ እሺ ካላለ ይወጣል። ይህን ደንብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከየት እንዳመጣሁት ግን ለማንም አልተናገርኩም። አስካለን በእነዚያ ዓመታት አንድ ጊዜ ብቻ ዲቤንዶርፍ ባቡር ጣቢያ አየኋት። አየችኝ። ባቡሩ ሲመጣ ወደ ሌላኛው ፉርጎ ሄደች፤ እግሬን እንዳይከተላት ከለከልኩት።

ጡረታዬ ሦስት ወር ሲቀረው አንዲት ወጣት ሴት ቢሮዬ መጣች።

«ቴርሚን፣ ማለቴ ቀጠሮ፣ የለኝም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ቆማ። «ወይዘሮ ሶስና እርስዎ ነዎት? ምሕረት እባላለሁ።»

ስሟን ባትነግረኝም ፊቷ ይናገራል። በባሏ በኩል መጥታ ዲቤንዶርፍ ከአስካለ ሁለት መንገድ ርቀት ላይ እንደምትኖር ነገረችኝ። ወንበር ሰጠኋት።

«ድምፅዋን ቀድተውት ነበር አሉ። ስለ እኔ የተናገረችውን መስማት እፈልጋለሁ።»

«ቅጂው ጠፍቷል ልጄ። ደንብ ነው።»

«ያስታውሱታላ?»

እያንዳንዱን ቃል አስታውሰዋለሁ። «አስታውሰዋለሁ» አልኳት። «ግን አልነግርሽም። እናትሽን ጠይቂያት።»

«ጠይቄያት አላውቅም። እሷም አንስታው አታውቅም። ስለ ክራንከን ካሳው፣ ስለ ጤና መድኑ ክፍያ እናወራለን፣ ስለ ባቡር እናወራለን፣ ምግብ ይዛልኝ ትመጣለች። አስኩ እላታለሁ። ሌላ ምን እንደምላት አላውቅም።» ቀና ብላ አየችኝ። «ለስልሳ ሰው አንብበውት የለም እንዴ? ለእኔ ሲሆን ነው ምስጢር የሚሆነው?»

በዚህ ሥራ ዘመኔ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም፤ ተጠይቄም አላውቅም። ብነግራት ይቀለኝ ነበር። አንሶላውን፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ሄጄ እነግራታለሁ ያለችውን፣ ሁሉንም። ልነግራት እየፈለግሁ ነው የተውኩት።

«ልክ ነሽ» አልኳት። «ለእነሱ ማንበቤ በደል ነው። ለአንቺም እኔ ብነግርሽ ያንኑ በደል መድገም ነው። ቃሉ የእሷ ነው። አንድ ጊዜ ከአፏ ነጥቄባታለሁ።»

ቦርሳዋን አንስታ ሳትሰናበተኝ ወጣች። በመስኮት ሳያት መንገዱን ተሻግራ ትራም ፌርማታው ላይ ቆመች፤ ትራሙ መጥቶ ሲሄድም እዚያው ነበረች።

ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ቤቴ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ።

«እትዬ ሶስና» አለች አስካለ።

ተቀመጥኩ። «አቤት።»

«ምሕረት መጥታ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ከምሳ በፊት ጀምረን እስኪመሽ። አለቀሰች፣ ሰደበችኝ፣ ደግሞ አለቀሰች። ሄደች። ትናንት ግን ተመልሳ መጣች።» ትንፋሿ ይሰማኛል። «አንቺ ዘንድ መጥታ እንደነበር ነገረችኝ። እንቢ አሉኝ አለች።»

«እንቢ አልኳት።»

«ያን ቀንስ? አዳራሹ ውስጥ ስታነቢው ምን ነክቶሽ ነው?»

የቋንቋ ልዩነት ልል ነበር። የስምምነት ወረቀቱ ልል ነበር። አራቱ ገጾች በሙሉ አፌ ላይ ነበሩ።

«እንዲጨበጨብልኝ ፈልጌ ነበር» አልኳት።

የዘጋችው መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት፤ አልዘጋችውም።

«እኔም አጨብጭቤያለሁ» አለች። «ካላጨበጨብኩ ያውቁብኛል ብዬ፣ እጄ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብኩልሽ።»